ሜሞሪና ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ ላይ፦ “ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም?”

ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

መግቢያ

በሳይንስ ዘገባ ኮርስ ላይ አንድ የተለመደ የቤት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ይመርጥና ስለጉዳዩ ምንም ለማያውቅ አንባቢ በሚገባ መንገድ ይጽፋል። እኔም ባለፈው ሴሚስተር “ሜሞሪንና ፕሮሰሰርን በአንድ ቺፕ ላይ ማዋሃድ” የሚለውን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት ስለገባኝ አልነበረም፤ ሲሰሙት ትልቅ ነገር ስለሚመስል ነው። ሁለት ሦስት ጽሑፎች አነበብኩ፣ በሁለት ሌሊት ጻፍኩ፣ ርዕሱንም “ኮምፒዩተርን በብዙ እጥፍ የሚያፈጥን አዲስ ቺፕ መጣ!” አልኩት። ቃለ አጋኖው ሳይቀር የኔ ነው።

ወረቀቱ ሲመለስ ከ20 11 አገኘሁ። ከሥሩ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ “አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ግን ነገሩ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም?” ብለው ጽፈውበታል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ ጋዜጠኛ ልሆን እንጂ ኢንጂነር ልሆን አልመጣሁም ብዬ አጉረመረምኩ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም፤ መልስ የሌለኝን ነገር ደግሞ ለአንባቢ እንደ ምሥራች ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳነብና ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የምታጠናውን የዶርም ጓደኛዬን ስጨቀጭቅ ከረምኩ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ቁጥር ሲበዛባችሁ አትፍሩ፤ እኔም ስጀምር ከእናንተ አልበልጥም ነበር።

1. ሁለት ቤት፣ አንድ መንገድ

ዛሬ የምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች አብዛኛዎቹ የሚሠሩበት ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በዚያ ዓመት የሂሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን ኤድቫክ ስለተባለው ኮምፒዩተር ንድፍ አንድ ረቂቅ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። አንድ ወገን ያስላል፣ ሌላው ወገን ያስቀምጣል። የሚያሰላው ፕሮሰሰር፣ የሚያስቀምጠው ሜሞሪ ይባላል። ትዕዛዙም ሆነ መረጃው በሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮሰሰሩ አንድ ነገር ለመሥራት በፈለገ ቁጥር ከሜሞሪ ያስመጣል፣ ሠርቶም ይመልሳል።

ነገሩን ለራሴ ያስረዳሁት በቤተ መጻሕፍት ነው። አንባቢ ወደ መደርደሪያው የማይገባበት ቤተ መጻሕፍት አስቡ። አንባቢው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ወደ ውስጥ ይገባል፣ መጽሐፉን ይፈልጋል፣ ይዞ ይመጣል። አንባቢው ፕሮሰሰሩ ነው፣ የመጻሕፍቱ ክፍል ሜሞሪው ነው፣ በመካከላቸው ያለው ኮሪደር ደግሞ ሁለቱን ቺፖች የሚያገናኘው ሽቦ ነው። አንባቢው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መጽሐፉ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ጆን ባከስ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ለዚህ ኮሪደር ስም አወጣለት፤ “የቮን ኖይማን የጠርሙስ አንገት” አለው። ጠርሙሱ ቢሰፋ አንገቱ ከጠበበ የሚፈሰው ያው ትንሽ ነው ለማለት ነው።

2. ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ይጠብቃል?

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። ሱቅ ሄደን ላፕቶፕ ስንጠይቅ ሻጩ “3 ጊጋኸርዝ ነው” ይለናል። ይህ ማለት ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። አንዱ ምት የሚፈጀው የአንድ ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ሲሶ ነው። ከዋናው ሜሞሪ አንድ መረጃ ለማስመጣት ግን ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አንድ ጊዜ በጠየቀ ቁጥር 300 ምት ያህል ሊጠብቅ ይችላል።

የናኖ ሰከንድ ነገር ለሰው አይጨበጥም። ስለዚህ አንዱን ምት አንድ ሰከንድ ነው እንበል። ያኔ ፕሮሰሰሩ ሁለት ቁጥር ለመደመር አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከሜሞሪ አንድ ቁጥር ለማስመጣት 5 ደቂቃ ይጠብቃል። መረጃው በሜሞሪ ውስጥ ከሌለና 100 ማይክሮ ሰከንድ ከሚፈጅ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚመጣ ከሆነ ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ይጠብቃል። 10 ሚሊ ሰከንድ ከሚፈጅ አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ 347 ቀን! የድምፅ ወይም የቪዲዮ ሥራችንን ስናርትዕ ማሽኑ “ደርቆ” ሲቀር ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ደክሞት ሳይሆን ወረፋ ይዞ ነው ለማለት ይቻላል።

ልዩነቱ ድሮ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፕሮሰሰር ፍጥነት በየዓመቱ ወደ 60 በመቶ ያድግ ነበር። የሜሞሪ መልስ የመስጠት ፍጥነት ግን በዓመት ከ10 በመቶ በታች ነበር የሚያድገው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 7 በመቶ ነው። ይህን በካልኩሌተር ሞክሩት። አንዱ በ10 ዓመት 110 እጥፍ ገደማ ሲፈጥን፣ ሌላው 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዊሊያም ዉልፍና ሳሊ ማኪ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ኮምፒዩተር ከግድግዳ ጋር ይጋጫል ብለው አስጠነቀቁ። “የሜሞሪ ግድግዳ” የሚለው ስያሜ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነት እንደ ድሮው መሮጡን ቢያቆምም፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ፕሮሰሰሮች (ኮር የሚባሉት) ስለበዙ ወረፋው ረዘመ እንጂ አላጠረም።

3. ማስታገሻው

ኢንጂነሮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ “ሪዘርቭ” የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ተማሪ የሚፈልጋቸው መጻሕፍት ለይተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ኮምፒዩተርም እንዲሁ አለው፤ ካሽ ሜሞሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ የሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 ሞዴል 85 በዚህ ይታወቃል። ዛሬ ካሽ የሌለው ላፕቶፕ የለም፤ የሚቀመጠውም እዚያው ፕሮሰሰሩ ቺፕ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ “አሃ!” አልኩ። ለካ ሜሞሪና ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ ላይ ድሮም አሉ! ጓደኛዬን ስጠይቃት ሳቀችብኝ። “ሜሞሪ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰለሽ እንዴ?” አለችኝ። የካሽ ሜሞሪ ኤስ-ራም የሚባል ዓይነት ነው። አንዲት ቢት ለመያዝ ብዙውን ጊዜ 6 ትራንዚስተር ይፈልጋል። ዋናው ሜሞሪ ግን ዲ-ራም ነው፤ በአይ.ቢ.ኤም. ይሠራ የነበረው ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1966 የፈለሰፈው ሲሆን ለአንዲት ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃዋል። ካፓሲተር ማለት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሙላት የሚይዝ ዕቃ ነው። ኤስ-ራም ፈጣን ነው፣ ግን ቦታ ይበላል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ዲ-ራም ዘገምተኛ ነው፣ ግን በጠባብ ቦታ ብዙ ይይዛል። ለዚህ ነው አንድ ላፕቶፕ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ዋና ሜሞሪ ሲኖረው ካሹ በሜጋባይት የሚቆጠረው።

ሪዘርቭ ላይ ያለ መጽሐፍ ለሁሉም አይበቃም። ተማሪው ተመሳሳይ መጽሐፍ እየደጋገመ የሚያነብ ከሆነ ሪዘርቩ ግሩም ነው። ሙሉውን ቤተ መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ማንበብ ያለበት ሰው ከመጣ ግን ሪዘርቩ ምንም አይፈይድለትም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

4. ሐሳቡ ምንድነው?

ታዲያ የአንባቢውን ጠረጴዛ ለምን ወደ መጻሕፍቱ ክፍል አናስገባውም? ሐሳቡ ይኸው ነው።

ጥቅሙ የሚገባን የዲ-ራም ቺፕ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ስናውቅ ነው። ቢቶቹ እንደ ሰንጠረዥ በረድፍና በአምድ ተደርድረዋል። ፕሮሰሰሩ አንዲት ቁጥር ሲጠይቅ ቺፑ ሙሉውን ረድፍ ይከፍታል። ዲ.ዲ.አር.4 በሚባለው የሜሞሪ ዓይነት፣ 8 የመረጃ መስመር ባለው ቺፕ ላይ አንድ ረድፍ 8,192 ቢት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በአንድ ጥያቄ በኮሪደሩ የሚወጣው 64 ቢት ነው። ከ128 አንዱ ማለት ነው! ሠራተኛው ሙሉውን መደርደሪያ ካወረደ በኋላ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዞ እንደሚመጣ ዓይነት ነው። ፕሮሰሰሩ እዚያው ውስጥ ቢሆን ኖሮ የተከፈተው ረድፍ በሙሉ ከፊቱ ነበር።

ሌላው ጥቅም የኤሌክትሪክ ነው። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ማርክ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት ስሌት፣ በ45 ናኖ ሜትር ቴክኖሎጂ በተሠራ ቺፕ ላይ ሁለት የነጥብ ቁጥሮችን መደመር 0.9 ፒኮ ጁል ሲፈጅ፣ ከውጭ ካለ ዲ-ራም መረጃ ማምጣት ግን ከ1,300 እስከ 2,600 ፒኮ ጁል ይፈጃል። ስሌቱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ጉዞው ነው። የታክሲ ሂሳቡ ከዕቃው ዋጋ ከበለጠ ደግሞ ማንም ሰው ሱቁን ወደ ሰፈሩ ማምጣት ይመርጣል።

አሁን የመጀመሪያ ጽሑፌ ወዳሳፈረኝ ነጥብ ልምጣ። “አዲስ ቺፕ መጣ” ብዬ ነበር አይደል? ሃሮልድ ስቶን የተባለው ተመራማሪ ስሌትን ሜሞሪው ውስጥ ስለሚያከናውን ኮምፒዩተር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሐሳቡ ከኔ ብቻ ሳይሆን ከእናቴም ይበልጣል። ጃፓናዊው ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤም32አር/ዲ የተባለ፣ ፕሮሰሰርና 2 ሜጋባይት ዲ-ራም በአንድነት የያዘ ቺፕ አውጥቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ደግሞ ዴቪድ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 “አይራም” በሚል ስም ሐሳቡን በዝርዝር አቀረቡ፤ ብልህ ሜሞሪ እንደማለት ነው። በወረቀት ብቻም አልቀረም። ቪራም የተባለው ቺፓቸው በአይ.ቢ.ኤም. ፋብሪካ ተሠርቶ 13 ሜጋባይት ዲ-ራም ይዞ፣ በ200 ሜጋኸርዝ ብቻ እየመታ፣ ወደ 2 ዋት ኤሌክትሪክ እየወሰደ ለድምፅና ለምስል ሥራ ጥሩ ውጤት አሳየ።

እንግዲህ ሐሳቡ ነበረ፣ ቺፑም ተሠርቶ ነበር። ሆኖም ዛሬ በየቤታችን ያለው ላፕቶፕ እንደዚያ አልተሠራም።

5. ታዲያ ለምን አልተደረገም?

ሀ) የአሠራር ልዩነት፦ ሁለቱም ቺፖች ከሲሊከን የተሠሩ ናቸው። ጓደኛዬ ግን “ዳቦም እንጀራም ከዱቄት ነው የሚሠራው፤ አንቺ በአንድ ምጣድ፣ በአንድ ጊዜ ጋግሪያቸው እስኪ!” አለችኝ። የፕሮሰሰር ፋብሪካ የሚፈልገው በጣም ፈጣን ትራንዚስተር ነው፤ ፈጣን ትራንዚስተር ግን ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። የዲ-ራም ፋብሪካ የሚፈልገው ደግሞ የማያፈስ ትራንዚስተር ነው፤ የማያፈሰው ግን ዘገምተኛ ነው። ፕሮሰሰር ከ10 ያላነሰ የሽቦ ንብብር ሲኖረው ዲ-ራም በጥቂት ንብብር ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ቺፕ ላይ ለማዋሃድ በዲ-ራም ፋብሪካ ከተሠራ ፕሮሰሰሩ ይዘገያል፤ በፕሮሰሰር ፋብሪካ ከተሠራ ደግሞ ሜሞሪው ቦታ ያባክናል፣ ዋጋውም ይንራል።

ለ) ሙቀት፦ የዲ-ራም ካፓሲተር የሚያፈስ እንስራ ነው። የያዘው ሙላት ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ እያንዳንዱ ረድፍ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ እየተነበበ እንደገና መሞላት አለበት። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ፍሳሹ ስለሚብስ በየ32 ሚሊ ሰከንዱ መሙላት የግድ ይሆናል። ፕሮሰሰር ደግሞ ምድጃ ነው። የሚያፈስ እንስራ ምድጃ ላይ አይጣድም። በቤተ መጻሕፍቱ ምሳሌ ካየነው፣ የመጻሕፍቱ ክፍል የተሠራው ለመጻሕፍት እንጂ ለሰው አይደለም፤ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው፤ አንባቢ በብዛት ሲገባበት መጻሕፍቱ ይጎዳሉ።

ሐ) መጠንና ገበያ፦ የሜሞሪ ቺፕ እንደ ጤፍ ነው። የአንዱ ድርጅት ምርት በሌላው ይተካል፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ መሠረት ነው የሚያመርተው፤ ገዢው የሚያየው ዋጋውን ነው። ፕሮሰሰር ግን እያንዳንዱ ለብቻው የተለየ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ገዢው ሜሞሪ ብቻውን መጨመር አይችልም፤ ያነሰው ሰው አዲስ ማሽን መግዛት አለበት። በዚያ ላይ በ13 ሜጋባይት ማን ይበቃዋል? የሰው ፍላጎት በጊጋባይት ሲያድግ አንዱ ቺፕ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሆነ።

መ) ፕሮግራም፦ ይህን አስቀድሜ አልጠረጠርኩትም ነበር። ከ1945 ወዲህ የተጻፈው ፕሮግራም አብዛኛው አንድ አንባቢ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ያስባል። በአንድ ሺህ መደርደሪያ ሥር አንድ ሺህ ትናንሽ አንባቢዎች ብናስቀምጥ ማን የቱን ያነባል? አንዱ ከሌላው ረድፍ ያለውን ሲፈልግ እንዴት ይደርሰዋል? ፕሮግራሙ እንደገና መጻፍ አለበት። ለአንድ ቺፕ ሲባል ደግሞ ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ አዲስ የሚጽፍ የለም።

አያችሁ፣ ከአራቱ ምክንያቶች ሁለቱ የፊዚክስና የፋብሪካ ናቸው፤ አንዱ የገበያ ነው፤ አንዱ የሰው ልማድ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

6. የተደረገባቸው ቦታዎች

“አልተደረገም” ማለት ግን ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። መምህራችንም ቢሆኑ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው ተቀብለውኛል። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ሲም ካርድ አውጥታችሁ እዩት። ከዚያች ቢጫ ብረት ሥር አንዲት ቺፕ አለች። በውስጧ ፕሮሰሰርም ሜሞሪም አለ። እንዲህ ያለው ቺፕ ማይክሮ ኮንትሮለር የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የኢንቴል 8051 ለምሳሌ ፕሮሰሰሩን፣ 128 ባይት ራም እና 4 ኪሎባይት የፕሮግራም ማከማቻ በአንድነት ይዞ ነበር። በሪሞት ኮንትሮልና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለው የዚህ ዘመድ ነው። ምሥጢሩ ሥራው ትንሽ መሆኑ ነው። ትንሽ ሜሞሪ የሚበቃው ሥራ ከሆነ አንድ ቺፕ ይበቃል።

ከፍ ባለው ደረጃም በከፊል ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሶኒ ፕሌይስቴሽን 2 የሥዕል ቺፕ በውስጡ 4 ሜጋባይት ዲ-ራም ነበረው። የአይ.ቢ.ኤም. ፓወር7 ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ 32 ሜጋባይት ዲ-ራም እንደ ካሽ ይዞ ነበር።

አሁን ያለው አካሄድ ግን ሌላ ነው፤ ማዋሃድ ካቃተ ማጠጋጋት። እዚህ ላይ ለዘጋቢ የሚያደናግሩ ሦስት ነገሮች ስላሉ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አንደኛው “በአንድ ማሸጊያ ውስጥ” ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 ሜሞሪው ከፕሮሰሰሩ ጎን በአንድ ማሸጊያ ተቀምጧል፤ ግን ቺፖቹ የተለያዩ ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ “አፕል በአንድ ቺፕ ላይ አዋሃደ” ብዬ ነበር፤ ስህተት ነው።

ሁለተኛው “የተነባበረ” ነው። ኤች.ቢ.ኤም. የሚባለው ሜሞሪ የዲ-ራም ቺፖችን እንደ ፎቅ ደራርቦ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኤ.ኤም.ዲ. ፊዩሪ ኤክስ የሥዕል ካርድ 4 ጊጋባይት በዚህ መንገድ ይዞ በሰከንድ 512 ጊጋባይት ያስተላልፍ ነበር፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኙት የመረጃ መስመሮች 4,096 ስለነበሩ ነው። ኮሪደሩ አልጠፋም፤ ሰፋ፣ አጠረም። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ላይ 64 ሜጋባይት የኤስ-ራም ካሽ በፕሮሰሰሩ ቺፕ ላይ ደርቦ ጠቅላላውን 96 ሜጋባይት አድርሶታል።

ሦስተኛው “በሜሞሪው ውስጥ ማስላት” ነው፤ እውነተኛው የስቶን ሐሳብ ይህ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 በኤች.ቢ.ኤም. ውስጥ ትናንሽ ማስሊያዎች ያሉት ሜሞሪ አስተዋውቋል። ድርጅቱ ፍጥነቱን ከእጥፍ በላይ እንደሚያሳድግና የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ70 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ገልጿል። ይህ አምራቹ ስለራሱ ዕቃ የተናገረው መሆኑን ልብ በሉ። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጎልቶ የማይታየው ነገር ደግሞ ማስሊያዎቹ ቦታ መውሰዳቸው ነው፤ በመደበኛው 8 ጊጋባይት ሊይዝ የሚችለው ቁልል 6 ጊጋባይት ብቻ ነው የያዘው። ነጻ ምሳ የለም።

7. ለእኛ ምናችን ነው?

ይህን ክፍል የጨመርኩት አንድ የክፍሌ ልጅ “እሺ፣ ለአማርኛ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል?” ብሎ ስለሞገተኝ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው።

“ሪዘርቭ የማይፈይድለት አንባቢ” ያልኩትን አስታውሱ። ዛሬ ያ አንባቢ መጥቷል፤ ስሙ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጽሑፍ የሚጽፍና የሚተረጉም አንድ ፕሮግራም 7 ቢሊዮን ቁጥሮች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ቢይዝ በጠቅላላው 14 ጊጋባይት ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው ሲሠራ አንዲት የቃል ቁራጭ ለማውጣት 14ቱንም ጊጋባይት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፤ ለቀጣዩዋ ቁራጭ ደግሞ እንደገና። ሜሞሪው በሰከንድ 100 ጊጋባይት የሚያስተላልፍ ከሆነ በሰከንድ የሚወጣው 7 ቁራጭ ብቻ ነው። ስሌቱ በበኩሉ ለአንዲት ቁራጭ ወደ 14 ቢሊዮን ነው፤ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን የሚያሰላ ፕሮሰሰር 70 ቁራጭ ማውጣት በቻለ ነበር። ስለዚህ ከጊዜው አሥር እጅ ዘጠኙን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ለዚህ ነው አሮጌው ሐሳብ እንደገና ገንዘብ ያገኘው። ሴሬብራስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው ቺፕ ከአንድ ሙሉ የሲሊከን ሰሃን የተቆረጠ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጎኑ 21 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ከአንድ የኤ4 ወረቀት ስፋት ትንሽ ይበልጣል። በላዩ 44 ጊጋባይት ኤስ-ራም ከ900 ሺህ ማስሊያዎች ጋር ተቀምጧል። የዲ-ራምን ችግር የዘለለው ዲ-ራምን በመተው፣ ዋጋውን ደግሞ በመክፈል ነው። እንዲህ ያለ ቺፕ ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለተማሪ ላፕቶፕ አይደለም።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ደግሞ አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች አንድ የአማርኛ ቃል ከአቻው የእንግሊዝኛ ቃል ይልቅ ወደ ብዙ ቁራጭ ነው የሚከፋፈለው፤ የቁራጭ አከፋፈሉ ሲዘጋጅ የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ጥቂት ስለነበረ ነው። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ያ ሁሉ ጊጋባይት እንደገና የሚነበብ ከሆነ፣ ያው ዜና በአማርኛ ሲጻፍ ጊዜውም ኤሌክትሪኩም ይበዛል፤ ክፍያው በቁራጭ ከሆነ ሂሳቡም እንዲሁ። የኮሪደሩ ጥበት ሁሉንም ይነካል፤ እኛን ግን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይነካናል። መፍትሔው ግን የግድ የውጭ አገር ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ለአማርኛ የተሻለ የቃል አከፋፈል ማዘጋጀት የቋንቋና የኮምፒዩተር ባለሙያዎቻችን ሥራ ነው፤ በቂና ንጹህ የአማርኛ ጽሑፍ ማቅረብ ደግሞ የእኛ የጋዜጠኞች ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን በሦስት ነጥብ ላጠቃልል። አንደኛ፣ “አዲስ” ከማለታችን በፊት ሐሳቡ መቼ እንደተወለደ እንጠይቅ። የ1970ን ሐሳብ አዲስ ማለት ቴክኖሎጂውን ማወደስ ሳይሆን አንባቢን ማሳሳት ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ቺፕ፣ በአንድ ማሸጊያና በአንድ ቁልል መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የዜናው ፍሬ እዚያ ውስጥ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ የምሥራች ሲነገረን “ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም?” ማለትን አንርሳ። ጥያቄው ሰውን ለማሳፈር አይደለም። በኔ ላይ እንደሆነው፣ ትክክለኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ መልስ ውስጥ ነው። ለቺፕ ብቻም አይደለም፤ ለአዲስ መድኃኒት፣ ለምርጥ ዘር፣ ለተመረቀ ፋብሪካ ሁሉ ይሠራል።

ወረቀቱን አርሞ እንደገና ማስገባት አይፈቀድም ነበርና ውጤቴ እስከ አሁን 11 ነው። ቢሆንም ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና ጻፍኩት፤ ያነበባችሁት እሱ ነው። ከርዕሱ “አዲስ” የሚለው ቃል ወጥቷል፤ ቃለ አጋኖውም የለም። በቦታው ያለው የመምህራችን ጥያቄ ነው።

ቸር እንሰንብት።